ካህን የነበሩ አያትን በድሮ ጋዜጣ ውስጥ መፈለግ፦ ከየት ይጀመራል?

"ቅድመ አያቴ የደብር አለቃ ነበሩ ይባላል።" "የእናቴ አያት ቄስ ነበሩ።" እንዲህ ያለ ወሬ የሌለበት ቤተሰብ ጥቂት ነው። ከዚያ አለፍ ብላችሁ የት ደብር፣ በማን ዘመን፣ ማን አስተማራቸው ብላችሁ ስትጠይቁ ግን መልስ የሚሰጥ ይጠፋል። የሚያውቁት አርፈዋል። በሕይወት ያሉትም ግማሹን ረስተውታል።

የድሮ የአማርኛ ጋዜጦች ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላሉ። በከፊል ያልኩት በምክንያት ነው። በአንድ የገጠር ደብር ሲቀድሱ ኖረው ያረፉ ቄስ ጋዜጣ ላይ የመውጣት ዕድላቸው ጠባብ ነው። አለቃ ከነበሩ፣ ቅኔ ካስተማሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ካሠሩ፣ ለሹመት አዲስ አበባ ከተጠሩ ወይም ርስት ተከራክረው ፍርድ ቤት ከቆሙ ግን ዕድሉ ይሰፋል። ከአድዋ በፊት ካረፉ ደግሞ ጋዜጣውን ተዉትና በቀጥታ ወደ መጨረሻው ክፍል ዝለሉ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። በድሮ ጋዜጣ ውስጥ ካህንን በስሙ ብቻ የሚፈልግ ሰው ብዙ ይደክማል፣ ትንሽ ያገኛል። ደብሩን ፈልጉ። ጋዜጦቹ "የእገሌ ደብር አለቃ" ብለው ስሙን ሳይጠሩ ያልፋሉ። ስሙን ሲጠሩም የአባት ስም አይጨምሩም። ገብረ ሥላሴ፣ ወልደ ማርያም፣ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባል ካህን ደግሞ በየአጥቢያው ነበር። አንዱን ከሌላው የሚለየው ደብሩ ነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

1. መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ጨርሱ

ቤተ መጻሕፍት ከመሄዳችሁ በፊት በዕድሜ የገፉትን ዘመዶች አነጋግሩ። እትዬ እገሊት "እኔ ምን አውቃለሁ" ቢሏችሁም አትተዉ። የሚያውቁትን የማያወጡት አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው ስለማይገባቸው ነው። "አያታችን በስንት ዓመተ ምሕረት ሞቱ?" ብትሏቸው መልስ የለም። "ጣልያን ሲገባ ነበሩ?" ስትሏቸው ግን ወዲያው ይመልሳሉ።

ስለዚህ ዘመን ስትጠይቁ ሰው በሚያስታውሳቸው ነገሮች ጠይቁ። የሰገሌ ጦርነት 1909 ነው። የኅዳር በሽታ 1911። የንጉሡ ዘውድ መጫን ጥቅምት 1923። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው በ1928፣ የወጣው በ1933። የታኅሣሥ ግርግር 1953። አብዮቱ 1966። እነዚህን ይዛችሁ "ከዚህ በፊት ነው ከዚህ በኋላ?" እያላችሁ ስትጠይቁ ዘመኑ እየጠበበ ይሄዳል።

የሞቱበትን ቀን ለማግኘት ተዝካሩን ጠይቁ። አሮጊቶች ዓመቱን ቢረሱም "ያረፉት በሚካኤል ዕለት ነው፣ ዝናብ ነበር" ይላሉ። ሚካኤል 12 ነው፣ ዝናቡም ወሩን ያጠብበዋል። አርባው ከየትኛው ጾም ወይም በዓል ጋር እንደገጠመም ጠይቁ። ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ነው።

ለካህን ብቻ የሚሆን አንድ ድንቅ ጥያቄ አለ፤ "ክህነት የተቀበሉት ከማን ነው?" እስከ 1921 ድረስ ጳጳሶቻችን ሁሉ ከግብፅ የሚመጡ ነበሩ። ቁጥራቸውም ትንሽ ስለነበር ክህነት ፈላጊው ረጅም መንገድ ተጉዞ ነበር ጳጳስ የሚያገኘው። መንገዱ በቤተሰብ ውስጥ የሚወራ ታሪክ የሚሆነውም ለዚህ ነው። "ከአቡነ ማቴዎስ" ካሏችሁ ነገሩ ከ1874 እስከ 1919 ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። አቡነ ማቴዎስ በ1874 መጥተው በ1919 ነው ያረፉት። "ከአቡነ ሉቃስ" ካሏችሁ ወደ ጎጃም እዩ። "ከአቡነ ጴጥሮስ" ሲሏችሁ ግን ተጠንቀቁ። አንዱ ከአጼ ዮሐንስ ጋር የነበሩት ግብፃዊ ናቸው። ሌላው በ1921 ከተሾሙት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የሆኑት፣ በ1928 በጣልያን የተገደሉት ሰማዕት ናቸው። በሁለቱ መካከል የአንድ ትውልድ ልዩነት አለ።

ዕቃም ጠይቁ። የጸሎት መጽሐፍ፣ በተለይ ዳዊት፣ በኅዳጉ ወይም በመጨረሻ ገጹ ላይ ስም ይኖረዋል። ፎቶ ካለ ጀርባውን ገልብጡ። የመቋሚያና የመስቀሉን ነገር ተዉት፣ ስም የተቀረጸበት ካልሆነ በቀር ለዚህ ሥራ አይጠቅምም።

2. የስምና የማዕረግ ወረቀት አዘጋጁ

አንድ ወረቀት ላይ ሰውየው የተጠሩባቸውን ስሞች ሁሉ ጻፉ፤ የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ ሰፈር ያወጣላቸው ስም። ካህናት በክርስትና ስማቸው ስለሚታወቁ ቤተሰቡ የሚያውቀውና ጋዜጣው የጻፈው ስም ላይገናኝ ይችላል።

ሚስት የሞተችበት ቄስ ሌላ አያገባም። ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ይመነኩሳሉ፣ ስማቸውም ሊቀየር ይችላል። እስከ አንድ ዓመት ድረስ "ቄስ እገሌ" እየተባሉ ቆይተው ድንገት ከጋዜጣ ከጠፉ፣ ሞተው ሳይሆን በሌላ ስም "አባ" ሆነው ሊሆን ይችላል። የአያታችሁ ወይም የቅድመ አያታችሁ የሞት ዘመን የትም አልገኝ ሲል ይህን አስቡ።

ከዚያ ማዕረግ። ቤተሰብ ሁሉንም "ቄስ" ወይም "መምሬ" ይላል። ጋዜጣው ግን በይፋ ማዕረጋቸው ነው የሚጠራቸው። መሪጌታ፣ ግራ ጌታ፣ ቀኝ ጌታ፣ አለቃ፣ ሊቀ ካህናት፣ ሊቀ ጠበብት፣ መልአከ ሰላም፣ መልአከ ብርሃናት፣ ሌላም ሌላም። አንዳንዱ ማዕረግ ደብሩን ይዞ ይመጣል። ንቡረ እድ ካያችሁ አክሱም ጽዮንን ወይም አዲስ ዓለም ማርያምን አስቡ። ጸባቴ ሲሆን ደብረ ሊባኖስ ነው። ሰውየው ከፍ እያሉ ሲሄዱ ማዕረጉም ይቀየራል። በ1920 ያያችኋቸው "አለቃ" እና በ1940ዎቹ ያሉት "መልአከ እገሌ" አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ።

አንድ ስሱ ነገር አለ። ቄስ ነበሩ የተባሉት ሰው ደብተራ ሊሆኑ ይችላሉ። ደብተራ የሚለው ቃል በሰው አፍ ከአስማትና ከመተት ጋር ስለተያያዘ ቤተሰብ "ቄስ" ብሎ ያልፈዋል። መሪጌታ ደግሞ የማኅሌቱ መሪ ነው፤ የግድ ክህነት አለው ማለት አይደለም። ይህን ማወቅ የምትፈልጉበትን ገጽ ይቀይራል። ደብተራ ቅኔ ጽፎ ጋዜጣ ላይ ያወጣል፤ ሥርዓተ ቅዳሴ ላይ ግን ስሙን አታገኙም። የቤተ ክህነት ተምሮ ወደ መንግሥት ሥራ የገባም ብዙ ነው። እሱን ደግሞ "ብላታ" ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ።

በመጨረሻ የፊደሉን ነገር አስተካክሉ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ እንደ ጸሐፊው ይለዋወጣሉ። "ኃይለ" አንዴ በኀ፣ አንዴ በሐ፣ አንዴ በሀ ይጻፋል። ገብረ ማርያም "ገ/ማርያም"፣ ወልደ ሚካኤል "ወ/ሚካኤል" ተብሎ ይቆረጣል። ዓይናችሁ ሁሉንም እንዲለምድ በወረቀቱ ላይ ጽፋችሁ ያዙ። በኮምፒውተር የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን አጻጻፍ ለየብቻ መክተብ አለባችሁ።

3. ደብሩን እወቁ

ደብሩ የትኛው ታቦት እንደሆነ፣ ዓመታዊ ንግሡ በየትኛው ወር እንደሚውል፣ በዚያ ዘመን በየትኛው ወረዳ፣ አውራጃና ጠቅላይ ግዛት ሥር እንደነበር አጣሩ። የዛሬው ዞንና ክልል በድሮ ጋዜጣ ውስጥ የለም። ቢሾፍቱ በአንድ ዘመን ደብረ ዘይት፣ አዳማ ናዝሬት ነው። አንድ ስም ያላቸው ሁለት ሦስት ደብሮችም በአንድ አውራጃ ውስጥ ይኖራሉ። ስለዚህ "ጊዮርጊስ" ብቻ ብላችሁ አትጻፉ፤ የመንደሩን ስም ጨምሩበት።

የተማሩበትንም ቦታ ጻፉ። የቤተ ክህነት ትምህርት ቦታ ቦታ አለው። ድጓ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ አቋቋም ጎንደር፣ ቅኔ ዋሸራ ወይም ጎንጅ ወይም ዋድላ ይኬዳል። ጋዜጣ የአንድ ሊቅን ዜና ሲያወጣ የሕይወት ታሪካቸውን "ከእገሌ ዘንድ ቅኔ ተቀኝተው" እያለ ነው የሚተርከው። የመምህሩን ስም ካወቃችሁ ከአያታችሁ ጋር የተማሩትን ሰዎች ማሳደድ ትችላላችሁ። አንዳንዴ ስለ አያታችሁ የተጻፈው ብቸኛው መስመር በጓደኛቸው የሞት ዜና ውስጥ ነው የሚገኘው።

4. ጋዜጣውን በዘመኑ ምረጡ

የአገራችን ጋዜጦች በብዛት የአዲስ አበባ ናቸው። የየአውራጃው ጋዜጣ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። የክፍለ ሀገሩን ወሬ የምታገኙት ወደ አዲስ አበባ ተልኮ በታተመው ውስጥ ነው።

ከ1890ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አእምሮ አለ። አንድ የግሪክ ተወላጅ፣ አንድሬያስ ካቫዲያስ፣ ነው የጀመረው። ስሙን ያወጡለት አጼ ምኒልክ ናቸው። መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጂ ይወጣ ነበር፣ መሀል ላይም ተቋርጦ ያውቃል። ትልቅ ሹመት ከሌለ እዚያ ውስጥ ካህን ለማግኘት ተስፋችሁን አታብዙ።

ዋናው ማዕድን ከ1917 በኋላ ይጀምራል። በ1917 በራስ ተፈሪ ማተሚያ ቤት መታተም የጀመረው ብርሃንና ሰላም በየሳምንቱ እስከ 1928 ወጥቷል። የቤተ ክህነት ትምህርት ያላቸው ሰዎች የሚጽፉበት፣ ቅኔና ግጥም የሚታተምበት፣ በሹመትና በበዓል ዜና የተሞላ ጋዜጣ ነው። አያታችሁ በ1910ዎቹ መጨረሻና በ1920ዎቹ የሠሩ ከሆነ ከሌላው ሁሉ በፊት ይህን ክፈቱ። በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ በፈረንሳይኛ ይታተም የነበረው ኩሪዬ ዴትዮፒም አለ። ለተራ ካህን ብዙም አይሆንም፣ ለቤተ መንግሥት በዓላት ግን ሊረዳ ይችላል።

የጣልያን ዘመን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ የሚባለው የአማርኛ ጋዜጣ በወራሪው መንግሥት የሚታተም ነበር። ካህናት ስማቸው እዚያ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ "ገብተው ተቀበሉ" በሚል ዜና ነው። ይህን ስታዩ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ጋዜጣው ፕሮፓጋንዳ ነበር፣ ሰውን በግድ አስቁሞ እንደ ወዳጅ ይጽፋል። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግንቦት 1929 የተጨፈጨፉበት ዘመን መሆኑን አትርሱ። ስሙን፣ ቀኑንና ደብሩን ውሰዱ፣ የቀረውን ግን በሌላ ማስረጃ እስክታረጋግጡ ድረስ አታምኑት።

ከነጻነት በኋላ መንገዱ ሰፋ ይላል። በ1933 ሰንደቅ ዓላማችን በአማርኛና በዓረብኛ ወጣ። አዲስ ዘመንም በዚያው ዓመት ግንቦት 30 ተጀመረ። መጀመሪያ ሳምንታዊ ነበር፣ ኋላ ዕለታዊ ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ዜና ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ለዚህ ሥራ ከሁሉም የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም ሌላው ጋዜጣ ዜና አይደለም ብሎ የሚያልፈውን ትንሽ ደብር ይጽፋል። ከ1951 ወዲህ ፍለጋችሁን በፓትርያርኮች ዘመን መክፈል ትችላላችሁ፤ አቡነ ባስልዮስ ከ1951 እስከ 1963፣ አቡነ ቴዎፍሎስ ከዚያ እስከ 1968፣ ቀጥሎ አቡነ ተክለ ሃይማኖት።

አያታችሁ ካቶሊክ ወይም የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አገልጋይ ከነበሩ መንገዱ ይለያል። በሐረር የካፑሲን ሚስዮናውያን ያሳትሙት የነበረውን የፈረንሳይኛ ጋዜጣ፣ ከዚያም የላካቸውን ሚስዮን የራሱን ኅትመት ፈልጉ።

5. ዕትሞቹን አጥብቡ

ጋዜጣ በስም ማውጫ አይመጣም። ቁጭ ብሎ ገጽ መገልበጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የትኞቹን ወራት እንደምታዩ ወስኑ።

ደብራቸው በሚነግሥበት ወርና በተከታዩ ወር ጀምሩ። በዚያን ጊዜ የክፍለ ሀገር ዜና ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅ ነበርና ዜናው ከቀኑ በኋላ ነው የሚወጣው። ቀጥሎ ትልልቆቹን በዓላት እዩ። መስቀል፣ ጥምቀት፣ ግሸን በመስከረም 21፣ ኅዳር ጽዮን፣ ቁልቢ ገብርኤል በታኅሣሥና በሐምሌ። የካህናት ስም በዝርዝር የሚነሳው በእነዚህ ሰሞን ነው። ሦስተኛ የንጉሥ ወይም የጳጳስ ጉብኝት የተደረገበትን ሰሞን። ንጉሡ አንድ አውራጃ ሲሄዱ የአካባቢው ካህናት ወጥተው ይቀበላሉ፣ ቅኔ ይዘረፋል፣ ሽልማትም ይሰጣል።

የቀን ስሌት ላይ አትሳሳቱ። የፈረንጁን ዓመት ለማግኘት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ድረስ 7 ትደምራላችሁ። ከጥር እስከ ጳጉሜን 8። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ግን ዓመቱ የሚቀየርበት ስለሆነ ካላንደር ማየት ይሻላል።

ቤተሰብ አንዳንዴ "በዘመነ ሉቃስ" ብሎ ነው የሚያስታውሰው። እሱም ይረዳል። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ 1917 ሲደመር 7417 ይሆናል፣ ለ4 ሲካፈል 1 ይቀራል፣ ስለዚህ ዘመነ ማቴዎስ ነው። አክስታችሁ "ጣልያን ሊገባ ሲል በዘመነ ሉቃስ አረፉ" ካሉ 1927ን ልትከፍቱ ነው ማለት ነው።

6. ቤተ መጻሕፍት

ሁለት ቦታዎች አስቡ። አንዱ በተለምዶ ወመዘክር የሚባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ነው፤ በ1936 የተቋቋመ። ሌላው 6 ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። መታወቂያና ከምትሠሩበት ወይም ከምትማሩበት ቦታ የተጻፈ የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። ደብዳቤው ባይጠየቅም አይጎዳም፤ ተጠይቆ ከሌላችሁ ግን ቀኑ ይበላሻል። አስቀድማችሁ ደውላችሁ የምትፈልጉት ዓመት ጥራዝ መኖሩን፣ ለአንባቢም መሰጠት አለመሰጠቱን ጠይቁ። አንዳንዱ ጥራዝ በማርጀቱ ከአገልግሎት ይወጣል።

እስክሪብቶ ቤት ተዉ፣ እርሳስ ያዙ። ፎቶ ማንሳት ከተፈቀደ ያለ ብልጭታ አንሱ። ወረቀቱ የተሰባበረ ከሆነ ገጹን በጥግ ይዛችሁ ሳይሆን በሁለት እጃችሁ ደግፋችሁ ግለጡ።

አንድ ሕግ ለራሳችሁ አውጡ፦ አያታችሁ ያለበትን አምድ ብቻ አታንሱ። መጀመሪያ የጋዜጣው ስም፣ ቀኑና ቁጥሩ ያለበትን የመጀመሪያ ገጽ፣ ከዚያ ገጹን በሙሉ፣ ከዚያ አምዱን። ቀን የሌለው ፎቶ ከሁለት ወር በኋላ ስትከፍቱት ከየት እንደመጣ አታውቁትም። ያያችሁትን ዕትም ሁሉ ደግሞ ምንም ባይገኝበትም መዝግቡት። "ብርሃንና ሰላም፣ ጥር 1919፣ ሙሉውን አይቻለሁ፣ የለም" የሚለው ማስታወሻ ዋጋ አለው። ባዶ ያገኛችሁትን ሁለተኛ ከመቆፈር ያድናችኋል። የጎደለ ዕትም ካለም ጻፉት። ምናልባት ሌላኛው ቦታ ይኖራል።

7. ዓይን የሚያርፍባቸው ገጾች

ሁሉንም አታንብቡ። መጀመሪያ የሹመት ዜና። "የእገሌ ደብር አለቃ ሆነው ተሾሙ" የሚለው አጭር ነው፣ ግን ቀኑን፣ ደብሩንና አዲሱን ማዕረግ በአንድ ጊዜ ይሰጣችኋል። ከእሳቸው በፊት የነበሩት አለቃ ለምን እንደተነሱም ተጽፎ ይገኝ ይሆናል።

ሁለተኛ ቅዳሴ ቤት። አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲባረክ ወይም የፈረሰው ሲታነጽ ማን እንዳሠራው፣ ማን ባርኮ እንደከፈተው፣ ማን ቅኔ እንዳበረከተ ይጻፋል። ለሕንፃው ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች ዝርዝርም ይወጣል። ይህን ዝርዝር ሰው ሁሉ ይዘለዋል። እናንተ አትዝለሉት፤ ከካህኑ ስም ጎን ሌሎች የቤተሰቡ ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ። የአያታችሁን ወንድም ወይም ጋብቻ የምታገኙት እዚህ ነው።

ሦስተኛ ቅኔና ግጥም። ከቅኔው ሥር ጸሐፊው ስሙንና ደብሩን ያኖራል። ቅኔው ራሱ ግዕዝ ስለሆነ ካልገባችሁ ለሚያውቅ አሳዩ፤ ወርቁ ውስጥ የሰው ስም ወይም የአካባቢ ነገር ተሸሽጎ ሊገኝ ይችላል።

የሞት ዜና በተለይ ለታወቁ ሊቃውንት ጥሩ ምንጭ ነው፤ የትውልድ ቦታ፣ መምህራን፣ የልጆች ብዛት ይኖረዋል። በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ ልጆች የሚያወጡት የሙት ዓመት ማስታወቂያ ከነፎቶው ይገኛል። ፎቶ የሌለው ቤተሰብ እዚህ ላይ አንድ ፊት ሊያገኝ ይችላል።

የመጨረሻውና ብዙ ሰው የማያስበው የፍርድ ቤት ማስታወቂያ ነው። ከ1967 በፊት ቤተ ክርስቲያንና አገልጋዮቿ መሬት ነበራቸውና ክርክሩ ማለቂያ አልነበረውም። ካህኑ ሲያርፉ ወራሾች ይጠራሉ። መጥሪያው ደረቅ ነው፣ ነገር ግን የአባት ስምን ሙሉ አድርጎ የሚጽፈው እሱ ብቻ ነው። ሌላው ገጽ ላይ "ቄስ ገብረ ሥላሴ" ብቻ የነበሩት እዚህ ሙሉ ስማቸውን፣ ወረዳቸውንና የልጆቻቸውን ስም ይዘው ይመጣሉ።

8. እሳቸው ናቸው ወይ?

ስሙ ተገኘ ማለት ሰውየው ተገኙ ማለት አይደለም። ቢያንስ ሦስት ነገር ይግጠም፤ ስም፣ ደብር፣ ዘመን። ስምና ዘመን ብቻ ገጥሞ ደብሩ ከተለያየ "ተዛውረው ይሆናል" ብላችሁ አትለፉት። ዝውውሩን የሚያሳይ ሌላ ዜና ፈልጉ። ስምና ደብር ገጥሞ ዘመኑ ከተራራቀ ደግሞ አባትና ልጅ ወይም አጎትና የወንድም ልጅ ሊሆኑ ይችላሉ። ክህነት በቤተሰብ ስለሚሄድ አንድ ስም በአንድ ደብር ደጋግሞ መምጣቱ የተለመደ ነው።

ጋዜጣው ሲያወድስ ትንሽ ቀንሱለት። የሞት ዜና ሁሉን ሰው "ታላቅ ሊቅ" ያደርጋል። ዕድሜንም ያጋንናል። "በ105 ዓመታቸው" ሲባል ክህነት ከተቀበሉበት ዘመን ጋር አስተያዩት።

ቤተሰቡ የሚለውና ጋዜጣው የሚለው ከተጋጨ ሁለቱንም ጻፉ። ጋዜጣ ስለሆነ ብቻ ትክክል ነው ማለት አይደለም፣ የአክስታችሁ ቃል ስለሆነ ብቻም ስህተት አይደለም።

9. ጋዜጣው ሲያልቅ

የመንግሥት ሕግና ደንብ የሚታወጅበት ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ጀምሮ ይወጣል። በ1935 የወጣው የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ደንብ የአያታችሁን ስም አይሰጣችሁም። በዚያ ዘመን የደብር ገቢና የካህናት ኑሮ በምን እንደሚመራ ግን ያሳያችኋል። የመሬት ክርክሩን ስታነቡ ይገባችኋል።

ከዚያ ደብሩ ራሱ አለ። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የቆየ መዝገብ ካለ አስተዳዳሪውን በአክብሮት ጠይቁ። በጋዜጣ ያገኛችሁትን ቅጂ ይዛችሁ መሄድ በር ይከፍታል፤ ሰው ባዶ እጁን ከመጣ ይልቅ ስለ ደብሩ አንድ ነገር ይዞ ለመጣ ይነግራል። የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የርስት ግዢ፣ የስጦታና የካህናት ዝርዝር ይጻፍ ነበር። ጋዜጣ ያልነበረበትን ዘመን የምትፈልጉ ከሆነ መሄጃችሁ ይሄ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ቀድቷል። ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ባለው የሂል ሙዚየም አለ፤ ብዙው በኢንተርኔት ይታያል። ካታሎጉ ብራናው የየትኛው ደብር እንደሆነ ስለሚገልጽ እዚህም ፍለጋው በደብር ነው።

ያገኛችሁትን ስታስቀምጡ የፋይሉን ስም በዓመት ጀምሩት፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ጋዜጣ፣ ደብር፣ ስም። ለምሳሌ "1921_ጥር_11_ብርሃንና ሰላም_እገሌ ደብር_አለቃ እገሌ"። በዓመት ቅደም ተከተል ሲደረደር የማዕረጋቸው ለውጥ ራሱ ይታያችኋል። አንዱን ቅጂ ለደብሩ ስጡ፣ አንዱን በዕድሜ ከፍ ላሉት ዘመድ በጉልህ አትማችሁ አድርሱ። ማዕረጉን ሲያዩ "እሳቸውማ እኮ ከዚያ በኋላ እንትን ሄደው ነበር" ማለታቸው አይቀርም፣ ያኔ እርሳሳችሁን አውጡ።